የሚወድቅ ነው ብለን የወተት ጥርስን አንናቅ

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከጤና ኮሚቴው የቀረበ ንግግር። በዕለቱ ላልተገኙ ጎረቤቶች እንዲደርስ ተብሎ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጥፏል።)



ስለ ውኃ፣ ስለ መብራትና ስለ መንገድ ስብሰባ ሲጠራ መቀመጫ ይጠፋል። ስለ ሕፃን ጥርስ ሲባል ግን «ይኼ ደግሞ ምን ቁም ነገር አለው? ነገ ለሚወድቅ ነገር!» የሚል ሰው አይታጣም። እኛም ዛሬ የቆምነው ስለዚችው አነጋገር ለመነጋገር ነው። «ነገ የሚወድቅ ነው» በማለታችን በልጆቻችን ላይ ሁለት ጉዳት እናደርሳለን። አንደኛ፣ ገና ከድድ ያልወጣውን ጥርስ «ግግ ነው» ብለን በስለት እናስወጣለን። ሁለተኛ፣ የበቀለውን ሳንጠብቀው ቀርተን ሲበሰብስ፣ ልጁ በእኩለ ሌሊት እየጮኸ ተሸክመነው እንሮጣለን። በሁለቱም መንገድ ልጁ የሚማረው ትምህርት አንድ ነው፤ «አፌን የሚነካኝ ሰው ሁሉ ያሳምመኛል» የሚል። ይህን ፍርሃት ይዞ ያደገ ሰው፣ አድጎም ቢሆን መንጋጋው እስኪያብጥ ድረስ የጥርስ ሐኪም ደጅ አይረግጥም።

እንግዲህ በመጀመሪያ ስለ ጥርሱ እንነጋገር። የአንድ ሕፃን የወተት ጥርሶች 20 ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ የታችኞቹ የፊት ጥርሶች በ6 ወር ገደማ ብቅ ይላሉ፤ ክራንቻዎቹ አንድ ዓመት ተኩል ሲሆነው አካባቢ ይወጣሉ፤ በሁለት ዓመት ተኩልና በሦስት ዓመት መካከል ሁሉም ይሞላሉ። መውደቅ የሚጀምሩት በ6 ዓመት ገደማ ነው። ይሁን እንጂ ሁሉም ባንድ ጊዜ አይወድቁም። የወተት መንጋጋዎችና ክራንቻዎች ልጁ 10 እና 12 ዓመት እስኪሆነው ድረስ ይቆያሉ። ስለዚህ «ነገ ይወድቃል» የምንለው መንጋጋ ለ8 እና ለ9 ዓመት ያህል ቆሎውንም እንጀራውንም የሚያላምጥ ነው ማለት ነው።

ሌላም ሥራ አለው። በእያንዳንዱ የወተት ጥርስ ሥር ተተኪው ቋሚ ጥርስ እንደ ችግኝ እያደገ ነው። የወተት ጥርሱ ቦታውን ይጠብቅለታል። ያለ ጊዜው ሲነቀል ጎረቤት ጥርሶች ወደ ክፍተቱ ይጋደማሉ፤ ቋሚው ሲመጣ ቦታ ያጣና ተጣሞ ወይም በሌላው ላይ ተደርቦ ይወጣል። የወተት ጥርስ በስብሶ ሥሩ መግል ከያዘም፣ መግሉ ከሥር ያለውን ችግኝ ሊያበላሽ ይችላል። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ፦ በ6 ዓመት ገደማ ከመጨረሻው የወተት መንጋጋ በስተኋላ አዲስ መንጋጋ ይወጣል። ምንም ጥርስ ሳይወድቅ ስለሚወጣ ብዙ ወላጅ የወተት ይመስለዋል። እርሱ ቋሚ ነው፤ ከጠፋ ምትክ የለውም።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ እንግባ። ግግ ማስቧጠጥና የወተት ጥርስ ማስነቀል በእኛም አካባቢ፣ በሌላውም የአገራችን ክፍል ለዘመናት የኖረ ልማድ ነው። በሱዳን፣ በኡጋንዳ፣ በኬንያና በታንዛኒያም አለ፤ ስለዚህ የእኛ ብቻ ነውር አድርገን አንየው። ነገሩ እንዲህ ነው። ሕፃኑ ያተኩሰዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ ጡት እምቢ ይላል። አንዲት ጎረቤት ወይም አያት ድዱን ከፍታ ስታይ ክራንቻው በሚወጣበት ቦታ ላይ ነጣ ያለ እብጠት ታገኛለች። «ይኸው፣ ግግ ነው!» ትላለች። ከዚያ በወስፌ ወይም በምላጭ ተፍቆ ይወጣል። የወጣውም ነገር ለስላሳና ነጭ ስለሆነ ትል ይመስላል። ትል ግን አይደለም። ገና ያልጠነከረ የሕፃኑ የራሱ ጥርስ ነው።

«ታዲያ ከወጣለት በኋላ ለምን ተሻለው?» ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ጥርስ የሚበቅልበት ጊዜ ሕፃኑ መዳህ የሚጀምርበት፣ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ የሚከትበት፣ ከጡት ሌላ ምግብ የሚጀምርበት፣ ከእናቱ ያገኘው የመከላከል ኃይልም የሚቀንስበት ወቅት ነው። ተቅማጡ የሚመጣው ከቆሸሸ እጅ፣ ከውኃና ከምግብ ነው እንጂ ከድድ አይደለም። አብዛኛው ተቅማጥ ደግሞ በጥቂት ቀናት ውስጥ በራሱ ይቆማል። ቢወጣም ባይወጣም ይሻለው ነበር፤ ምስጋናውን ግን ወስፌው ይወስዳል። ደም ፈሶት፣ ቁስሉ አመርቅዞ ወይም መንጋጋ ቆልፍ ይዞት የሞተው ሕፃን ግን ቡና ላይ ምስክር ሆኖ አይቀርብም።

ጉዳቱ በዚህ አያበቃም። አንዱ ስለት ከአንዱ ሕፃን ወደ ሌላው ሲዘዋወር የጉበት ቫይረስና ኤች.አይ.ቪ. ሊያስተላልፍ ይችላል። ስለቱ ጠለቅ ካለም ከሥር ያለውን የቋሚ ጥርስ ችግኝ ይነካል። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በእስራኤል አገር የሚሠሩ የጥርስ ሐኪሞች፣ ከኢትዮጵያ የሄዱ የቤተ እስራኤል ልጆችን አፍ ሲመረምሩ የጎደሉ ክራንቻዎችና ቅርጻቸው የተበላሸ ጥርሶች አግኝተው በጽሑፍ አውጥተዋል። ልጆቹ ባሕር ተሻግረው ቢሄዱም ጠባሳው አብሯቸው ሄደ።

ሕጉም ዝም አላለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ (አዋጅ ቁጥር 414/1996) በአንቀጽ 561 እና 562፣ በጎጂ ልማዳዊ ድርጊት በሕፃን ላይ ሞት ወይም የአካል ጉዳት ማድረስን ያስቀጣል። እኛ ግን እዚህ የቆምነው ሰው ለመክሰስ አይደለም። አያቶቻችን ይህን ያደረጉት ልጅ ጠልተው አይደለም። ሐኪም በሌለበት ዘመን የሚታመም ልጅ ይዘው የሚያደርጉት ጠፍቷቸው ነው። ዛሬ ግን ሌላ መንገድ አለ።

ሕፃን ሲያስቀምጠው የሚደረገው ይኸው ነው። ጡት አይከልከል፤ እንዲያውም ቶሎ ቶሎ ይጥባ። ከጤና ኬላ ወይም ከጤና ጣቢያ ኦ.አር.ኤስ. ይውሰዱና በፓኬቱ ላይ በተጻፈው መጠን በንጹሕ ውኃ በጥብጠው በትንሽ በትንሹ ይስጡት። የዚንኩን ኪኒን፣ ተቅማጡ ቢቆምም እንኳ፣ 10 ቀን ሙሉ ይጨርስ። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ መጠጣት ካቃተው፣ የዋጠውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ደም ከቀላቀለ ወይም ካንቀጠቀጠው ግን ነገ ሳይባል ያኑ ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

ቀጥለን ስለ አጠባበቁ እንናገራለን። የዓለም የጤና ድርጅት በ2022 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ሪፖርት፣ በዓለም ላይ የወተት ጥርሳቸው በስብሶ ያልታከመላቸው ልጆች ከ500 ሚሊዮን በላይ ናቸው። የሀብታም አገር ልጅም አልተረፈም። ምክንያቱም ስኳር ነው። በእኛም ከተማ በየሱቁ ደጃፍ ከረሜላ ተንጠልጥሏል፤ ሕፃኑም ስኳር የበዛበት ሻይ በጡጦ ይዞ ይተኛል። ሌሊቱን ሙሉ ያ ጣፋጭ ጥርሱ ላይ ያድራል፤ ሲተኛ ምራቅ ስለሚቀንስ የሚያጥበውም የለም። ስለዚህ ጡጦ ይዞ አይተኛ፤ ሌሊት ከጠማው ንጹሕ ውኃ ይበቃዋል። ከረሜላ ካልቀረ ከምግብ ጋር ባንድ ጊዜ ይብላው እንጂ ቀኑን ሙሉ አይላሰው። በቆሎ እሸት፣ ቆሎና ድንች ለትልልቆቹ ልጆች ከብስኩት ይሻላሉ። ለሕፃን ምግብ አላምጦ ማጉረስም ይቅር፤ በእኛ አፍ ያለው ጥርስ አብስባሽ ጀርም ወደ እርሱ ይሻገራልና።

ጥርስ ሳይበቅል በፊት ድዱን በንጹሕና እርጥብ ጨርቅ እንጥረግለት። የመጀመሪያው ጥርስ ብቅ ካለ ጀምሮ በለስላሳ የልጅ ብሩሽና ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ይልቁንም ማታ ከመተኛቱ በፊት ይቦረሽ። ሳሙናው እስከ 3 ዓመት የሩዝ ፍሬ ያህል፣ ከ3 እስከ 6 ዓመት የአተር ፍሬ ያህል ይበቃል፤ ልጁም ይትፋው እንጂ አይዋጠው። መፋቂያ ለእኛ ለትልልቆቹ መልካም ነው፤ የሕፃን ድድ ግን ይወጋል። «ራሱ ይቦርሻል» ብለን ልጁን ብቻውን አንተወው። የጫማውን ክር ደህና አድርጎ ማሰር እስኪችል ድረስ ጥርሱንም አሳምሮ አይቦርሽም፤ እስከ 7 እና 8 ዓመት እኛው እንጨርስለት።

በወር አንድ ቀን ደግሞ ፀሐይ ባለበት ደጅ አውጥተን የላይ ከንፈሩን ገለጥ አድርገን እንይ። ከድዱ አጠገብ ድፍን ነጭ መስመር ካየን መበስበስ እየጀመረ ነው፤ በዚህ ጊዜ ገና ሊቆም ይችላል። ቡናማ ቀለም ወይም ቀዳዳ ካየን ግን ባለሙያ ዘንድ እንውሰደው። ይህች ማየት ሌላም ጥቅም አላት፤ ልጁ ሳያመው አፉን መክፈት ይለምዳል።

አሁን ልጁን ለሐኪም ስለ ማዘጋጀት። ብዙዎቻችን ልጅ ሲያስቸግር «ዋ! ለሐኪም ነግሬ አስወጋሃለሁ» እንላለን። ዛሬ ያስፈራራንበትን ሰው ነገ «አፍህን ክፈትለት» ብንል ማን ይሰማናል? ይህ አነጋገር ከቤታችን ይውጣ።

ሁለተኛው ውሸት ነው። «ወደ ገበያ እንሂድ» ብሎ ወደ ሕክምና መውሰድ፣ ወይም «ምንም አያምህም» ማለት፣ አንድ ቀን ይሠራል፤ ከዚያ ወዲያ ልጁ አያምነንም። እውነቱን በልጅ ቋንቋ እንንገረው፦ «ሐኪሙ በትንሽ መስታወት ጥርስህን ይቆጥራል። እኔ አጠገብህ ነኝ።» «እማዬ፣ ያመኛል እንዴ?» ብሎ ከጠየቀም፣ «ትንሽ ሊሰማህ ይችላል የኔ ልጅ፤ ከተሰማህ እጅህን አንሣ፣ እንነግራቸዋለን» ይበቃል። ስለ መርፌና ስለ ጉጠት ዝርዝር አናብዛ። ታላላቅ ወንድሞችና እኅቶችም የራሳቸውን ታሪክ እያጋነኑ አያስፈራሩት።

ሦስተኛው ጨዋታ ነው። ከቀጠሮው በፊት ባሉት ቀናት ልጁን ጭናችን ላይ አስተኝተን በማንኪያ ጀርባ ጥርሱን አንድ ሁለት እያልን እንቁጠርለት። እርሱም የእኛን ይቁጠር። ሐኪም ዘንድ ሲደርስ አዲስ ነገር አይሆንበትም። ጥሩ ባለሙያም የሚሠራው እንዲሁ ነው፤ መጀመሪያ ይነግረዋል፣ ቀጥሎ ዕቃውን ያሳየዋል፣ ከዚያ በኋላ ይሠራል።

አራተኛ፣ ጠዋት እንውሰደው፤ እንቅልፍ የጠገበና ቁርስ የቀመሰ ልጅ ይታገሣል። እኛ ራሳችን ከፈራን ደግሞ ደፈር ያለ ዘመድ ይያዘው፤ ልጅ የእናቱን ፊት ያነባልና። ሲጨርስ «ጎበዝ፣ አፍህን ደህና ከፈትክ» እንበለው። ለሽልማት ከረሜላ መግዛት ግን የገነባነውን ማፍረስ ነው።

«የጥርስ ሐኪም ሩቅ ነው፤ ደሴ ድረስ በአቀስታ በኩል ለመሄድ ገንዘቡስ ቀኑስ ከየት ይመጣል?» የሚል አለ፤ እውነቱን ነው። ለዚህም ነው ሳይብስ መጀመር የሚያስፈልገው። ሕፃኑን በ9 ወርና በ15 ወር ለኩፍኝ ክትባት መውሰዳችን አይቀርም። ያን ቀን «እባክዎን እህት፣ አፉንም ይዩልን» እንበል። ወጪ የለውም፤ ልጁም ነጭ ጋወን ለባሽ ሁሉ እንደማያሳምም ያውቃል። ከዚያ ያለፈ ነገር ከተገኘ ከጤና ጣቢያው ወደ መካነ ሰላም ሆስፒታል፣ ካስፈለገም ወደ ደሴ መላክ ይቻላል።

ጥቂት ማስጠንቀቂያዎች አሉን። የታመመ ጥርስ ላይ አረቄ፣ ነጭ ሽንኩርት ወይም የተፈጨ ኪኒን አይደረግ፤ ድዱን ያቃጥላል። ለልጅ አስፕሪን አይሰጥ። ጉንጩ አብጦ ትኩሳት ያለው ልጅ ማደር የለበትም፤ ያኑ ዕለት ይታይ። ልጅ ወድቆ የወተት ጥርሱ ቢወልቅ መልሶ መትከል የለም። ቋሚ ጥርስ ከሆነ ግን ሥሩን ሳንነካ፣ ወተት ውስጥ ከትተን፣ በፍጥነት ወደ ባለሙያ እንሩጥ።

ውድ ጎረቤቶች፤ ግግ የማስወጣት ምክር የሚሰጠው በጤና ጣቢያ አይደለም፤ በአቦልና በቶና መካከል ነው። መልሱም እዚያው መሰጠት አለበት። ስለዚህ የምንጠይቃችሁ ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ቡና ላይ «ግግ ነው» የሚል ቃል ሲነሣ ዝም አትበሉ፤ «ኦ.አር.ኤስ. ጀምራችኋል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሁለተኛ፣ በየቅሬያችሁ ይህን ንግግር ማንበብ ለማይችሉ አንብቡላቸው፤ ከገጠር ለሚመጡ ዘመዶችም አድርሱ። ሦስተኛ፣ ዛሬ ማታ ልጃችሁን ከማስተኛታችሁ በፊት አፉን በፍቅር ክፈቱና ጥርሱን ቁጠሩ።

የወተት ጥርስ ጊዜው ሲደርስ በራሱ ይወድቃል፤ ልጁም እንደ ልማዳችን ወደ ጣሪያ እየወረወረ ይስቃል። እስከዚያ ድረስ ግን የእኛ አደራ ነው።



የማኅበሩ የጤና ኮሚቴ