ከመርጨት በፊት መለየት፤ በጓሯችን ስለሚኖሩ ዝንቦች



«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ይባላል። እኔ ግን ዛሬ ስለ ዝንብ ለመናገር ተጋብዣለሁና፣ አንድ ጥፋቴን በመናዘዝ ልጀምር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ክረምቱ እንደ ወጣ፣ ጓሮዬን ዝንብ ወረሰው። ከጎመኑ መደብ በላይ የሚያንዣብበውንም፣ ከብስባሹ ጉድጓድ የሚወጣውንም፣ በልጆች ፊት ላይ የሚያርፈውንም በአንድ ስም ጠርቼ፣ በሁሉም ላይ ፀረ ተባይ ረጨሁ። ብዙም ሳይቆይ ጎመኑን ክሽክሽ ፈጀው፤ ልጆቹን የሚያስቸግረው ዝንብ ግን ተመልሶ መጣ። ወዳጄን ገድዬ ጠላቴን ስቼው ነበር። የአንድ ጓሮ ገጠመኝ ጥናት ባይሆንም፣ እኔን ወደ ጥናት መርቶኛል።

ዝንብ የሚበርርባቸው ክንፎች ሁለት ብቻ ናቸው፤ ንብና ተርብ አራት አላቸው። ከአበባ ፊት በአየር ላይ ቀጥ ብላ የምትቆም፣ ቢጫና ጥቁር መስመር ያላት፣ ተርብ መሳይ ነገር ግን የማትናደፍ ዝንብ ካያችሁ አትንኳት። ወለላ ስትቀስም አበባ ታዳቅላለች፤ የብዙዎቹ ዘመዶቿ እጭም ክሽክሽ እየበላ ያድጋል። በብስባሽ ዙሪያ የምትታየው ረዘም ያለች ጥቁር ዝንብ፣ ወታደር ዝንብ የምትባለው፣ እርሷም አትነክስም፤ እጮቿ የወጥ ቤት ትራፊ ይፈጫሉ፣ ለዶሮም ጥሩ ቀለብ ናቸው።

ግራጫዋ የቤት ዝንብ ግን ሌላ ናት። በጀርባዋ ላይ አራት ጥቁር መስመሮች አሏት፤ በፍግና በበሰበሰ ቆሻሻ ውስጥ ትራባለች። በሞቃት ወቅት ከእንቁላል እስከ ክንፍ ማውጣት ከ7 እስከ 10 ቀን ሊበቃት ይችላል። ስለዚህ ፍጉን በየሳምንቱ ማንሳት ወይም ብስባሹን እያገላበጡ እንዲግል ማድረግ የትውልዷን ሰንሰለት ይቆርጣል።

ከእርሷ ጋር እጅግ የምትመሳሰል፣ በጀርባዋ ሁለት ሰፋፊ መስመሮች ያሏት እኅቷም አለች፤ ሳይንሳዊ ስሟ ሙስካ ሶርቤንስ ነው። የዓይንና የአፍንጫ ፈሳሽ ትወድዳለች፤ ከሁሉ ይልቅ የምትራባውም በሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ነው። በጉድጓድ መጸዳጃ ውስጥ እምብዛም አትፈለፈልም። ትራኮማን ከዓይን ወደ ዓይን ከሚያሻግሩት አንዷም እርሷ ናት። አገራችን የትራኮማ ሸክም እጅግ ከከበደባቸው አገሮች አንዷ ስለሆነች፣ ይህን ነገር እንደ ተራ የጓሮ ጉዳይ ልናየው አንችልም። ትራኮማን ለመግታት በዓለም ደረጃ የተቀረጸው ስልትም ከቀዶ ሕክምናና ከመድኃኒት ጎን የፊት ንጽሕናንና የአካባቢ መሻሻልን ያካተተው ስለዚሁ ነው።

የእኔ ጠላት ቤቷ ከአጥሬ ማዶ ባለው ባዶ ቦታ ነበር። መጸዳጃ የሌላቸው ሰዎች እዚያ ይወጡ ነበር፤ እኔም ያንን እያወቅሁ አጥሬን አጥብቄ መርጫዬን እሞላ ነበር። በኋላ ከጎረቤቶቼ ጋር አዋጥተን ክዳን ያለው መጸዳጃ ቆፈርን፤ ልጆቹም ጧትና ማታ ፊታቸውን እንዲታጠቡ አስለመድናቸው።

ዛሬም በጓሮዬ ዝንብ አለ። ድንብላልና እንስላል አበባ እስኪያወጡ ጥቂቱን ሳልነቅል እተወዋለሁ፤ አንዣባቢዎቹ ይመጡበታልና። እናንተም ዝንብ ሲበዛባችሁ፣ መርጫውን ከማንሳታችሁ በፊት የቱ ዝንብ እንደሆነና ከየት እንደ ፈለቀ ጠይቁ። መልሱ አንዳንድ ጊዜ ከራሳችን አጥር ውጭ ያወጣናል።