ስለ ዝሆኔ በሽታና ስለ ሕሙማኑ አያያዝ

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ ሕክምና ምርምር ሲነገር ከመካከላችን ብዙዎቹ የሚያስቡት ባሕር ማዶ ያለውን ትልቅ ላቦራቶሪና አዲስ የተገኘ መድኃኒት ነው። እኛ ዛሬ ልንነግራችሁ የመጣነው ግን በምሥራቅ ጎጃም ቀይ አፈር ላይ ስለ ተደረገ፣ ዋና መሣሪያውም ውሃና ሳሙና ስለ ሆነ ምርምር ነው። ቦታው የአነደድ ወረዳ ነው። አነደድ የባሶ ሊበን ጎረቤት ነው፤ ወደ የጁቤ ገበያ የሚወጣው ገበሬና የአነደድ ገበሬ የሚረግጡት ጭቃ አንድ ዓይነት ነው። በዚያ አገር መንገድ ላይ እግሩ አብጦ፣ ቆዳው ተሰነጣጥቆ፣ ከሰው ኋላ ቀርቶ የሚያዘግም ሰው ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ሕዝባችን በሽታውን ዝሆኔ ይለዋል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

በመጀመሪያ በሽታው ምን እንደ ሆነ እንግለጽ። በብዙ የዓለም ክፍል ዝሆኔን የሚያመጣው ትንኝ የምታስተላልፈው ትል ነው። በደጋና በወይና ደጋ አገራችን በብዛት የሚገኘው ግን ትልም ትንኝም የለበትም። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘው ቀይ አፈር ለብዙ ዓመታት በባዶ እግር ሲረገጥ፣ ዓይን የማያያቸው ደቃቅ ብናኞች በቆዳ አልፈው ይገባሉ፤ ሊምፍ የሚባለውን የሰውነት ፈሳሽ የሚመልሱትንም ቧንቧዎች እያስቆጡ ቀስ በቀስ ያጠብቧቸዋል። ፈሳሹ መመለሻ ሲያጣ እግር ያብጣል። በኢትዮጵያ ብዙ ዘመን የሠሩት እንግሊዛዊው ሐኪም ዶክተር ኧርነስት ፕራይስ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ይህን የአፈርና የበሽታ ግንኙነት አጥንተው አስረድተዋል። «ፖዶኮኒዮሲስ» የሚለውን ስም ያወጡለትም እሳቸው ናቸው፤ ቃሉ በግሪክኛ እግርንና አቧራን የሚያመለክት ነው። በ2017 የወጣ አንድ ጥናት በኢትዮጵያ ውስጥ በዚህ በሽታ የተያዙት አዋቂዎች 1.5 ሚሊዮን ያህል እንደሚሆኑ ገምቷል።

ሕዝባችን ግን በሽታውን የዘር ነው ይላል። ዝሆኔ ካለበት ቤት ልጅ ለመዳር ይፈራል፤ እርግማን ነው የሚልም አለ። በዚህ ነገር ላይ ሳይንስ የሰጠውን መልስ ማወቅ ይገባናል። ዶክተር ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቻቸው በደቡብ ኢትዮጵያ ሕሙማንንና ጤነኞችን አነጻጽረው በ2012 ባሳተሙት ጥናት፣ አንዳንድ ሰዎች ከወላጆቻቸው በወረሱት የተፈጥሮ ጠባይ ምክንያት ለአፈሩ ብናኝ ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸውን አሳይተዋል። ስለዚህ ሕዝቡ በአንድ ቤተሰብ ሲደጋገም ያየው ነገር ሐሰት አይደለም፤ የተሳሳተው ፍርዱ ነው። የሚወረሰው ተጋላጭነቱ እንጂ በሽታው አይደለም። አፈሩን ያልረገጠ እግር፣ የማንም ልጅ ይሁን፣ በዚህ በሽታ አያብጥም። ከሕሙማን ቤት የተወለደ ሕፃን ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ጫማ ነው፤ ያን ቤት መሸሽ ግን ማንንም ከበሽታው አያድንም።

አሁን ወደ አነደድ እንመለስ። የዝሆኔ ሕመምተኛን ከእብጠቱ ይልቅ የሚያሠቃየው በየጊዜው የሚነሣበት ሕመም ነው። በተሰነጠቀው ቆዳ ተሕዋስያን ይገባሉ፤ እግሩ ይግላል፣ ያብጣል፣ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ትኩሳት ይይዘዋል። ይህ በእርሻ ወይም በአጨዳ ወራት ሲመጣ ምን ማለት እንደ ሆነ የገበሬ ልጆች የሆናችሁ ሁሉ ታውቃላችሁ። ሄኖክ ነጉሴና ባልደረቦቻቸው 696 ሕሙማንን በዕጣ ለሁለት ከፈሏቸው። 346ቱ ወዲያው እንክብካቤ እንዲጀምሩ ተደረገ፤ ይኸውም እግርን በሳሙና መታጠብ፣ ቆዳን በቅባት ማለስለስ፣ እብጠቱን በፋሻ ማሰር፣ እግርን ማንቀሳቀስ፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ ነው። 350ዎቹ ደግሞ አንድ ዓመት ጠብቀው ያንኑ እንዲያገኙ ተደረገ። ውጤቱ በ2018 «ላንሴት ግሎባል ሄልዝ» በተባለው መጽሔት ታተመ። እንክብካቤ ባላገኙት ላይ ሕመሙ ለአንድ ሰው በዓመት 23.9 ጊዜ ተነሣ፤ ባገኙት ላይ 19.4 ጊዜ።

ከመካከላችሁ፣ ልዩነቱ ከአምስት አንድ ያህል ብቻ ነውና ይህ ምን ያስደንቃል የሚል ይኖር ይሆናል። እኛም ቁጥሩን ከልኩ አናስበልጥም። ቀድሞ በየአሥራ አምስት ቀኑ ይወድቅ የነበረው ሰው አሁን በየአሥራ ዘጠኝ ቀኑ ይወድቃል፤ ተፈወሰ አይባልም። ነገር ግን በዓመት ከአራት ጊዜ በላይ ከሕመም ተረፈ፤ የተረፈውም ማንኛውም ጤና ጣቢያ ሊያስተምረው በሚችል ነገር ነው። ከዚህ ቁጥር ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ እንክብካቤው እውነተኛ ጥቅም ስላለው ሕመምተኛን «መድኃኒት የለህም፣ ሂድ» ብሎ መመለስ ከእንግዲህ ምክንያት የለውም። ሁለተኛው፣ ካበጠ በኋላ የሚገኘው ጥቅም በልክ ስለ ሆነ ከሁሉ የሚበልጠው ልጆችን ከመጀመሪያው ማጫማት ነው።

ሕሙማንን አንድ ዓመት ማስጠበቅስ ጭካኔ አይደለምን? ብለን እኛም ተከራክረናል። መልሱ ከጥያቄው ይልቅ ያሳዝናል። በዚያን ጊዜ በአገራችን ለዚህ በሽታ የተለመደው አያያዝ ምንም አለማድረግ ነበር። እነዚያ 350 ሰዎች ዓመቱ ሲያልቅ እንደሚያገኙ ተስፋ ነበራቸው፤ ከጥናቱ ውጭ የቀረው ሕመምተኛ ግን የተቆረጠለት ቀን አልነበረውም። በ2013 የወጣው የአገሪቱ ዕቅድ ይህን በሽታ ቸል ከተባሉት የሐሩር አገር በሽታዎች መካከል ቆጥሮታል። በዕቅድ መቆጠር መልካም ነው፤ ነገር ግን ዕቅድ እግር አያጥብም።

የተማርን ነንና ይህ እኛን አይነካም የሚል ቢኖር አንድ ነገር እንጨምርለት። በደቡብ ኢትዮጵያ በጤና ባለሙያዎች ላይ ተደርጎ በ2010 የታተመ ጥናት፣ ግማሽ ያህሉ በሽታው ተላላፊ ይመስላቸው እንደ ነበርና እንዳይዛቸውም ይፈሩ እንደ ነበር ገልጿል። ነጭ ካባ የለበሰው ሰው ከሸሸ፣ ጎረቤት ቢሸሽ ምን ይደንቃል?

ስለዚህ የምናሳስበው ይህን ነው። የሕክምና ተማሪ የሆናችሁ፣ የተመደባችሁበት ጤና ጣቢያ ሳሙና፣ ቅባት፣ ፋሻና ላበጠ እግር የሚበቃ ሰፊ ጫማ እንዳለው ጠይቁ፤ ከሌለው በጽሑፍ አመልክቱ። የምህንድስና ተማሪዎች፣ እግር ታጠብ የሚባለው ሰው ውሃውን ከሩቅ ምንጭ በእንስራ የምታመጣለት ሚስቱ ወይም ልጁ መሆንዋን አስቡ፤ ውሃ በሌለበት ይህ ሕክምና የለም። መምህራን ለመሆን የምትማሩ፣ በክፍላችሁ ባዶ እግሩን የመጣውን ልጅ ከመገሠጻችሁ በፊት ጫማ እንዴት እንደሚያገኝ ምከሩ። ሁላችንም ለዕረፍት ወደ አገራችን ስንገባ፣ በሠርግም ሆነ በዝክር ላይ ለብቻው ከተቀመጠው ሕመምተኛ አጠገብ እንቀመጥ፤ ከአንድ መሶብም እንብላ። በሽታው አይተላለፍምና የምናጣው ነገር የለም። ዘመዶቻችን ለምን እንዳልፈራን ሲጠይቁን ስለ አፈሩ የምናስረዳበት ጊዜ ያ ነው።