ንፍፊትና የብግነት መልእክተኞች

የተጋበዝኩት ብግነት ቀስቃሽ ፕሮቲኖች በሊምፎማ፣ ማለትም በሊምፍ ዕጢ ካንሰር፣ ስላላቸው ድርሻ እንድናገር ነው። ዕድሜዬን ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሼ የኖርኩ ነኝና ከዕጢው ልጀምር።

ከዚሁ ከፒያሳ ሰፈሮች አንድ ወጣት አንገቱ ላይ ንፍፊት ወጥቶበት መጣ። ያተኩሰዋል፣ ሌሊት በላብ ይጠመቃል፣ ሱሪው ሰፍቶታል። የቲቢ መድኃኒት ከጀመረ ወራት ቢያልፉም ዕጢው አድጓል። የዕጢ ቲቢ በአገራችን ብዙ ነውና ጥርጣሬው ተገቢ ነበር። ዕጢው ወጥቶ ሲመረመር ግን ሆጅኪን ሊምፎማ ሆኖ ተገኘ።

የሁለቱ በሽታዎች መምታታት የቆየ ነው። ቶማስ ሆጅኪን በሽታውን የገለጠው እ.ኤ.አ. በ1832 ነው። በ1898 የቪየናው ካርል ስተርንበርግ በዕጢው ውስጥ የሚታዩትን ግዙፍ ሴሎች በዝርዝር አሳየ፤ በሽታውን ግን የቲቢ ዓይነት አድርጎ ወሰደው። ቲቢ አለመሆኑን በ1902 አጥብቃ የተከራከረችው ዶሮቲ ሪድ ናት። ሴት ሐኪሞች በጣት በሚቆጠሩበት ዘመን! እዚህ ያላችሁ ወጣት ሴት ሐኪሞች ስሟን ያዙልኝ።

ታዲያ ቲቢና ሆጅኪን ለምን ይመሳሰላሉ? በሆጅኪን ዕጢ ውስጥ የካንሰሩ ሴል ብዙ ጊዜ ከመቶ አንድ ገደማ ነው። የቀሩት በአብዛኛው ተጠርተው የመጡ ነጭ የደም ሴሎች ናቸው። የሚጠሯቸው ሳይቶካይን የምንላቸው ፕሮቲኖች ናቸው። ኢንተርሉኪን 6 ትኩሳት ያስነሳል፤ ጉበትን ቀስቅሶም ኢኤስአር የተባለውን የደም ምርመራ ውጤት ከፍ ያደርጋል። ቲኤንኤፍ የምግብ ፍላጎት ዘግቶ ያከሳል። ሰውነት ቲቢን ሲዋጋም የሚልካቸው እነዚህኑ ነው። ስለዚህ ላቡም ክሳቱም በሽታው የትኛው እንደሆነ አይነግሩንም፤ የሚነግረን ናሙናው ነው። እሱም ቢሆን በቀጭን መርፌ ከተቀዳ ያቺን ከመቶ አንዷን ሊስታት ይችላል። ዕጢው ሙሉውን ይውጣ የምለው ለዚህ ነው።

ተማሪዎች፣ ይህን ጻፉ፦ ናሙና ሳይወሰድ ፕሬድኒሶሎን አትጀምሩ። መድኃኒቱ ፕሮቲኖቹን ዝም ያሰኛል፤ ትኩሳቱ ይበርዳል፣ ዕጢው ይሟሽሻል፣ ቤተሰብ ይደሰታል። ከዚያ በኋላ የሚወሰደው ናሙና ግን አሳሳች ሊሆን ይችላል።

ሰዓቱ ስለገፋ ዋናውን ርእስ ባጭሩ ላንሳ። በ1986 የታወቀው ኤንኤፍ ካፓ ቢ የተባለ ፕሮቲን የብግነት ጂኖችን ያስነሳል። በጤነኛ ሴል ሥራውን ሲጨርስ ይጠፋል፤ በሆጅኪን ሴል ግን እንደበራ ይቀራል፤ ሴሉም መሞት ሲገባው አይሞትም። ይህን ፕሮቲን የሚያጠፋው ኤ20 የተባለው ጂን በብዙ የሆጅኪን ዕጢዎች ተበላሽቶ ተገኝቷል። ወደ ኤንኤፍ ካፓ ቢ የሚያመራውን የምልክት መስመር የሚዘጉ እንደ ኢብሩቲኒብ ያሉ መድኃኒቶች ለአንዳንድ ሊምፎማዎች ሕክምና ውለዋል። ሆጅኪንን ግን በጊዜ ከደረስንበት የተለመዱት አራት መድኃኒቶች አብዛኛውን በሽተኛ ያድናሉ። ወጣቱም ቸርችል ጎዳናን ወርዶ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሕክምናውን ጀምሯል። አሁን ጥያቄያችሁን ልስማ።