ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ በእግር፤ አእምሮው ቆስሎ ስለ ተመለሰ ዘማች
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ የፈረስ ከተማ ትሆናለች። ከሰባቱ የአገው ቤቶች የተሰበሰቡ ፈረሰኞች ኮርቻቸውን በጌጥ አሸብርቀው ወደ አደባባዩ ይወርዳሉ። ጉግሱ ይደራል፤ ግልቢያው አቧራ ያስነሣል፤ ከማለዳ ጀምሮ ቦታ ቦታውን የያዘው ሕዝብ በእልልታ ይቀበላቸዋል። ዕለቱ የቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል ነው፤ ነገር ግን የዓድዋም መታሰቢያ ነው። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ሲመሠረት፣ ይኸውም ጠላት ገና ከአገር ሳይወጣ፣ ዋና ሐሳቡ በ1888 ዓ.ም. ወደ ዓድዋ የዘመቱትን አባቶችና አባቶቹን የተሸከሟቸውን ፈረሶች በየዓመቱ ማሰብ ነበር። ዛሬ ማኅበሩ ከ60 ሺህ በላይ አባላት እንዳሉት ይነገራል። ሥራውም በዓል በማክበር የሚያበቃ አይደለም፤ የተጣላ ያስታርቃል፣ ሐዘን የደረሰበትን ያጽናናል፣ የሞተውን በክብር ይሸኛል።

ለዘማቹ ቀርቶ ለዘማቹ ፈረስ ቀን የቆረጠ ሕዝብ በዓለም ላይ ብዙ አይገኝም። የዛሬው ንግግር የሚነሣውም ከዚሁ ነው። በጦር ሜዳ የወደቀው መታሰቢያ አለው። እግሩን ያጣው፣ ዘግይቶም ቢሆን፣ ምርኩዝ ይሰጠዋል። አካሉ ሙሉ ሆኖ አእምሮው ቆስሎ ለተመለሰው ግን ምን ተዘጋጅቶለታል?

እንዲህ ያለው ሰው በመልኩ አይለይም። ያርሳል፣ ገበያ ይወጣል፣ ለቅሶ ይደርሳል። ሌሊት ግን ይባንናል። በሠርግ ላይ ለደስታ ጥይት ሲተኮስ የሚገባበት ይጠፋዋል። ሰው ከበዛበት ቦታ ለመውጫው ቅርብ ሆኖ ይቀመጣል፤ በጥቂት ነገር ይቆጣል፤ አንዳንዱም ሐሳቡን በአረቄ ሊያደነዝዝ ይሞክራል። ጎረቤቱ «ጦር ሜዳ ለውጦት መጣ» ብሎ ያልፈዋል። ቤተሰቡ ጠበል ይወስደዋል፤ መውሰዱም የሚነቀፍ አይደለም፤ ጠበልና ሕክምና ጎን ለጎን ሊሄዱ ይችላሉና። የሚያሳዝነው ከጠበሉ ሲመለስ የሚጠብቀው ሌላ በር አለመኖሩ ነው።

ነገሩ ለአዊ ምድር አዲስ አይደለም። በጥር ወር 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኦሜድላ በኩል ድንበር ተሻግረው ሲገቡ፣ አብሯቸው የመጣው ጦር በበላያ ተራራ አድርጎ ወደ እንጅባራ የወጣው በእግሩ ነበር። ስንቁን የጫኑት ግመሎች ከ15 ሺህ በላይ እንደነበሩ ተጽፏል፤ አብዛኞቹ በበረሃውና በዳገቱ አለቁ። የዚህ ጦር አዛዥ የእንግሊዙ መኮንን ኦርድ ዊንጌት ነበር፤ በአዲስ አበባ የሚገኘው ትምህርት ቤት በስሙ የተጠራለት ማለት ነው። ዊንጌት በጎጃም ተዋግቶ፣ ሚያዝያ 27 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ሲገቡ አብሮ ገብቶ፣ ድሉ ሁሉ የተሟላለት ይመስል ነበር። ሁለት ወር ሳይቆይ፣ በዚያው ዓመት በሰኔ መጨረሻ፣ ካይሮ ውስጥ ባረፈበት ሆቴል በወባ ትኩሳትና በከባድ የመንፈስ ጭንቀት ተይዞ ሕይወቱን ለማጥፋት ሞከረ። በአጠገቡ ክፍል የነበረ ሌላ መኮንን ሰምቶ ደረሰለትና ተረፈ። ሆስፒታል ገባ፣ ታከመ፣ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ ኋላም በርማ ዘምቶ እ.ኤ.አ. በ1944 በአውሮፕላን አደጋ ሞተ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ማስተዋል ይገባል። አንደኛው፣ ሕመሙ ፈሪንና ጀግናን አለመለየቱ ነው። ሁለተኛው፣ ለዊንጌት ሐኪምና አልጋ ተገኝቶለት ነበር፤ በዚያው ዘመቻ በባዶ እግሩ የተጓዘው የጎጃም አርበኛ ግን ጠመንጃውን ሰቅሎ በቀጥታ ወደ ሞፈሩ ተመለሰ። በዚያን ጊዜ በአገሪቱ የነበረው የአእምሮ ሆስፒታል በ1930 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው አማኑኤል ብቻ ሲሆን፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት ብቸኛ ሆኖ ኖሯል። ለእንጅባራ ገበሬ አማኑኤል ከኦሜድላ አይቀርበውም ነበር።

መሐንዲሶች ለሚሰበሰቡበት ጉባኤ ሕመሙን በሚያውቁት ቋንቋ መግለጽ ይቻላል። በ19ኛው ምዕት ዓመት አጋማሽ በአውሮፓ የባቡር ዘንጎች ምክንያቱ ሳይታወቅ ይሰበሩ ነበር። ብረቱ ጤነኛ ነው፤ ጭነቱም ከመጠን አላለፈም። አውጉስት ቮለር የተባለው ጀርመናዊ መሐንዲስ በረጅም ሙከራ ያረጋገጠው፣ ብረት አንድ ጊዜ ያለ ችግር የሚሸከመው ጭነት እጅግ ብዙ ጊዜ ሲመላለስበት ቀስ በቀስ እየሰነጠቀ እንደሚሰብረው ነው። የብረት ድካም የሚባለው ይህ ነው። የወታደርም አእምሮ ብዙውን ጊዜ እንዲሁ ነው። አንዱን ውጊያ ይችለዋል፤ ሁለተኛውንም ይችለዋል፤ የሚጎዳው የድግግሞሹ ብዛት፣ የእንቅልፍ እጦቱ፣ የጓደኞች ሞት መከታተሉ ነው። ስንጥቁ የሚታየው ብዙ ጊዜ ጭነቱ ከወረደ በኋላ፣ ሰውየው ቤቱ ከገባ በኋላ መሆኑ ደግሞ ሰውን ሁሉ ያደናግራል። ምሳሌው ከዚህ ወዲያ አይሄድም፤ የተሰነጠቀ ዘንግ ይጣላል እንጂ አይድንም፣ ሰው ግን ይድናል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሐኪሞች ሕመሙን የመድፍ ፍንዳታ ያመጣው መስሏቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980 የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ራሱን የቻለ ስም ሰጥቶ በመዝገቡ አስገባው፤ በአማርኛ ድኅረ አደጋ ሰቀቀን ይባላል። ሕክምናውም የታወቀ ነው፤ በሠለጠነ ሰው የሚደረግ የንግግር ሕክምናና አስፈላጊ ሲሆን መድኃኒት፤ ሁለቱም ያለ ማቋረጥ።

የታማሚው ቍጥር ለመገመት በሚያዳግትበት አገር ቢያንስ የተመላሹን ብዛት ማሰብ ይጠቅማል። በ1983 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት ሲወድቅ ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ወታደር ተበተነ። ብዙዎቹ ከሰሜን ግንባር እስከ ቀያቸው የመጡት በእግራቸው ነው። ለእነርሱ የተቋቋመው ኮሚሽን እህልና የእርሻ መሣሪያ፣ ለከተሜውም ሥልጠና አደለ፤ ከዚያ የቀረውን ሸክም የተሸከሙት ዕድሩ፣ የነፍስ አባቱና ሚስቱ ነበሩ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ከተካሄደው የሰሜኑ ጦርነት በኋላ የተቋቋመው ብሔራዊ ተሐድሶ ኮሚሽንም ከ371 ሺህ በላይ የቀድሞ ተዋጊዎችን ወደ ሰላማዊ ኑሮ ለመመለስ ዐቅዶ ተነሥቷል። ይህ ሁሉ ሰው የሚመለሰው ወደ መንደር ነው።

ታዲያ የእግር ጉዞ ከዚህ ጋር ምን ያገናኘዋል? ጉዞውን ከሕመሙ ጋር መጀመሪያ ያገናኙት ተመላሾቹ ራሳቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1948 ኧርል ሻፈር የተባለ አሜሪካዊ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ያሳለፈውንና የልጅነት ጓደኛውን ሞት ከውስጡ ለማውጣት ብሎ የአፓላቺያንን ተራሮች ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ፣ በአራት ወር ተጓዘ። ብቻውን ነበር፤ ገንዘብም አልሰበሰበም። ገንዘቡ በኋላ የመጣ ነገር ነው። በእንግሊዝ አገር ከቍስለኞች ጋር የሚጓዝ አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ቍስለኛ ወታደሮችን ይዞ እ.ኤ.አ. በ2013 እስከ ደቡብ ዋልታ ደርሷል፤ በ2015 ደግሞ አገሪቱን ዞሮ 1,600 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዟል። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ተጓዡ ይራመዳል፣ ወዳጅ ዘመዱ ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ይህን ያህል እሰጣለሁ ብሎ ቃል ይገባል።

ርቀቱ ግን አያታልል። እ.ኤ.አ. በ2020፣ በወረርሽኙ ወራት፣ መቶ ዓመት ሊሞላው የተቃረበው የበርማ ዘማች ቶም ሙር በመደገፊያ እየተራመደ 25 ሜትር በሚሆነው ግቢው ውስጥ 100 ጊዜ ተመላለሰ። ሲደመር 2.5 ኪሎ ሜትር ነው። ለጤና ሠራተኞችና ለሕሙማን ድጋፍ የተሰበሰበው ከ32 ሚሊዮን ፓውንድ በለጠ። ሕዝቡን ያንቀሳቀሰው የርቀቱ ብዛት እንዳልነበረ ግልጽ ነው፤ ይረዳ የነበረው አሮጌ ወታደር ረጂ ሆኖ መነሣቱ ነበር።

በእኛም አገር እግር ለመታሰቢያ መነሣቱ የተለመደ ሆኗል። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ጥቂት ወጣቶች ከአዲስ አበባ ተነሥተው የአባቶችን መንገድ በመከተል፣ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው የካቲት 23 ቀን ዓድዋ ላይ መገኘትን ልማድ አድርገውታል። ጉዞ ዓድዋ ለታሪክ የሚደረግ ነው፤ ለሕክምና ገንዘብ አይሰበስብም፤ ይሰብስብ ማለትም አይገባም። የሚያሳየው አንድ ነገር ነው፤ ኢትዮጵያዊ በረጅም መንገድ ላይ የሚራመድን ሰው ሲያይ ውኃ ይዞ ይወጣል።

እንግዲህ ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ ያለውን መንገድ እናስብ። ወደ 40 ኪሎ ሜትር ነው። እንጅባራ ከ2,500 ሜትር በላይ፣ ዳንግላ በ2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሚገኙ፣ መንገዱ በጠቅላላው 400 ሜትር ያህል ይወርዳል። ቁልቁለት ለሳንባ ደግ፣ ለጉልበት ግን ክፉ ነው፤ ስለዚህ ዕድሜው ለገፋ ተጓዥ በሁለት ቀን መክፈሉ ይሻላል። ማደሪያው አዲስ ቅዳም ይሆናል። የፋግታ ለኮማ ገበሬ ለከሰል የሚያለማው የዲከረንስ ደን በመንገዱ ግራና ቀኝ ስለሚገኝ ጥላም አይጠፋም። ጊዜው የፈረሰኞቹ በዓል ካለፈ በኋላ ቢሆን፣ እህሉ ገብቷል፣ ዝናቡም ገና ነው።

ስሌቱን በግምት ማስቀመጥ ይቻላል። 1,000 ሰው ቢጓዝና እያንዳንዱ ለኪሎ ሜትር 5 ብር የሚሰጡ 10 ሰዎችን ቢያስፈርም፣ አንዱ ተጓዥ 2,000 ብር ያመጣል፤ ጠቅላላው 2 ሚሊዮን ብር ይሆናል። ይህ ገንዘብ ሆስፒታል አይሠራም፤ እንዲሠራበት መሞከርም ስሕተት ነው። የመሐንዲስ ዐመል ሆኖ ገንዘብ ሲገኝ ቶሎ መሠረት መቆፈር ያምረዋል። የአእምሮ ሕመም ሕክምና የሚቋረጠው ግን ግድግዳ በመጥፋቱ ብቻ አይደለም። ታማሚው ለሁለተኛው ቀጠሮ የአውቶቡስ ገንዘብ ያጣል፤ መድኃኒቱ ያልቃል፤ የሠለጠነው ነርስ ይዛወራል። አማኑኤል ከ1979 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የአእምሮ ሕክምና ነርሶችን ማሠልጠኑ፣ በ2005 ዓ.ም. የወጣውም ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ ሕክምናው ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወርድ ማቀዱ መንገዱን አመልክቷል። ከጉዞው የሚገኘው ብር ለአውቶቡስ፣ ለመድኃኒትና ለነርስ ሥልጠና ቢውል፣ ፎቶግራፍ የሚነሣበት ሕንፃ አይኖረውም፤ የሚመለስ ሰው ግን ይኖረዋል።

ስለ ተጓዦቹም መታሰብ ያለበት አለ። ዘማቹ ከሰገነት ላይ ተቀምጦ የሚጨበጨብለት እንግዳ ከሆነ ጉዞው ከንቱ ነው። የሚመዘግበው፣ መንገዱን የሚመራው፣ ውኃውን የሚያድለው እርሱ መሆን አለበት። የቀድሞ ወታደር መንገድ መምራትን ከማንም በላይ ያውቃል። በየትኛው ሠራዊት፣ በየትኛው ወገን እንደተሰለፈ አይጠየቅ፤ ሕመሙንም እንዲተርክ አይገደድ። ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ሲሄዱ ዓይን ለዓይን አይተያዩም፤ ፊት ለፊት ተቀምጦ የማይወጣ ቃል በመንገድ ላይ አንዳንዴ ይወጣል። ባይወጣም 40 ኪሎ ሜትር አብሮ የሄደ ሰው ተገኝቷል።

በ2015 ዓ.ም. በክልሉ የተነሣው ግጭት ብዙ መንገድ ዘግቷል፤ ብዙ ሰውም አቍስሏል። እንዲህ ያለው ጉዞ መንገዱ ለሁሉም ሰላም ካልሆነ በቀር አይታሰብም፤ አንድም ሰው ለአደጋ ሊጋለጥበት አይገባም። ዝግጅቱ ግን ሰላሙን ቆሞ መጠበቅ የለበትም። የነርሶቹ ሥልጠና፣ የመዝገቡ አያያዝ፣ ከፈረሰኞቹ ማኅበር ሽማግሌዎች ጋር የሚደረገው ምክክር ከወዲሁ ሊጀመር ይችላል።

ፈረሰኞቹ ከተስማሙ ተጓዦቹን ከዳንግላ መግቢያ ላይ ወጥተው ይቀበሉ፤ ግልቢያ ሳይሆን በዝግታ፣ ፈረሱን በሰው እርምጃ እያስኬዱ። በአገሩ ወግ ጀግና ሲገባ ጥይት ይተኮሳል። በዚያን ቀን ግን አንዲት ጥይት እንዳትተኮስ አስቀድሞ በየቀበሌውና በየቤተ ክርስቲያኑ ይነገር። እልልታው ይበቃል።