በሪሲቨር ውስጥ የተጻፈው ትእዛዝ

የዛሬው ትምህርታችን በዲሽ ሪሲቨር ውስጥ ስላለው ጽሑፍ ነው። አዎን፣ ጽሑፍ ነው ያልኩት። ሪሲቨር ማለት ከዲሹ በሽቦ የመጣውን ተቀብሎ ለቴሌቪዥኑ የሚያቀብለው ሣጥን ነው።

በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር የነበረው ሬዲዮ ቀላል ዕቃ ነበር። ቁልፉን ሲያዞሩት ጣቢያው ይመጣል። ዝም ካለ ወይ ባትሪው ደክሟል፣ ወይ ሽቦ ተቆርጧል። የዛሬው ሪሲቨር ግን «እንዲህ ሲሆን እንዲህ አድርግ» የሚል ትእዛዝ በውስጡ ተጽፎለታል። ሪሞቱን ስትጫኑ ጣቢያ የሚለውጠው፣ ድምፅ የሚጨምረው ያንን ትእዛዝ እያነበበ ነው። ትእዛዙ ያለው ከጥፍር በማትበልጥ ቁራጭ ላይ ነው። መብራት ቢጠፋም አይጠፋም። ስሙ ፈርምዌር ነው። የጥገና ቤት ሰዎች ግን «ሶፍትዌር» ይሉታል፤ እናንተም እንደዚያ ብትሉ ይገባቸዋል።

እኛ የደብረ ታቦር ሰዎች ጋፋትን እናውቃለን። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩበት ቦታ ነው። መድፍ አንዴ ቀልጦ ከፈሰሰ በኋላ መልኩን ለመለወጥ እንደገና ማቅለጥ ያስፈልጋል። ሪሲቨር ግን ብረቱም ሽቦውም እንዳለ ሆኖ ትእዛዙ ብቻ ሊለወጥ ይችላል። ፋብሪካው ስሕተት ሲያገኝ፣ ወይም አዲስ ሥራ ሲጨምር፣ አዲስ ትእዛዝ ያወጣል። ይህንን መጫን «አፕዴት ማድረግ» ይባላል።

ታዲያ ሥዕል በጠፋ ቁጥር ሶፍትዌር ነው ማለት አይደለም። የአገራችን ጣቢያዎች ከናይልሳት ወደ ኢትዮሳት የተዛወሩበትን ጊዜ አስታውሱ። ናይልሳት ከእኛ በስተምዕራብ ነበር፤ ኢትዮሳት ደግሞ በስተምሥራቅ፣ በ57 ዲግሪ። ፊቱን ወደ ምዕራብ ያደረገ ዲሽ፣ ሣጥኑ ላይ ምን ዓይነት ሶፍትዌር ቢጫን፣ ከምሥራቅ የሚመጣውን አያይም። መፍትሔው ዲሹን አዙሮ ጣቢያዎቹን እንደገና መፈለግ ነበር። ደግሞ የጥራት ሥዕል፣ ኤች ዲ የሚሉትን፣ መፍታት የማይችል አሮጌ ሣጥን አለ። ያ ችሎታ የሚገኘው ከዕቃው ነው፤ በትእዛዝ አይመጣም። «ሶፍትዌር እጭንልሃለሁና ኤች ዲ ያሳይሃል» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ መጀመሪያ አሳየኝ በሉት።

አሁን ወደ አደጋው እንምጣ። እኔ አስተማሪ ስለሆንኩ በጥቁር ሰሌዳ ልንገራችሁ። ሰሌዳው በትናንት ትምህርት ተሞልቷል። አዲስ ለመጻፍ መጀመሪያ አሮጌው ይጠፋል። አጥፍቼ፣ ግማሹን ጽፌ ጠመኔው ቢያልቅብኝ ተማሪው ምን ይገለብጣል? አሮጌው የለም፤ አዲሱም ጎደሎ ነው። በብዙ ሪሲቨር ውስጥ የሚሆነውም ይኸው ነው። አሮጌው ትእዛዝ ይጠፋና አዲሱ ይጻፋል። ሥራው የጥቂት ደቂቃ ነው። በዚያች መካከል መብራት ከጠፋ፣ ወይም ሕፃን ሶኬቱን ከነቀለው፣ ሣጥኑ የሚያነበውን ያጣል። ስለዚህ በሐምሌና በነሐሴ፣ በጉና በኩል ሰማዩ ሲጠቁር፣ አትጀምሩ። ልጆቹ ለቡሄ ቴሌቪዥን ይዩ ብሎ በዋዜማው መጣደፍም ጥሩ አይደለም።

አንዲት ጎረቤቴ ይህ ደርሶባቸዋል። ሪሲቨሩ ፊቱ ላይ አንድ ቃል ይዞ ቀረ። ወደ አንድ ሱቅ ቢወስዱት «ሞቷል፣ አዲስ ይግዙ» ተባሉ። እሳቸው ግን ፊደል ከቆጠሩ ወዲህ ያዩትን ሁሉ መገልበጥ ይወዳሉ፤ ቃሉን በደብተራቸው ሥለው አሳዩኝ። በላቲን የተጻፈ አራት ፊደል ነው። መካከል ላይ ያሉት ሁለቱ እንደ ዐይኑ ዐ ክብ ናቸው። «ቡት» ይባላል፤ ሣጥኑ ለመነሣት እየሞከረ ነው ማለት ነው። ሌላ ባለሙያ ሣጥኑን በገመድ ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ ትእዛዙን እንደገና ጻፈለትና ተነሣ። ቡት ላይ የቆመ ሁሉ ይድናል አልልም። ነገር ግን አዲስ ከመግዛት በፊት «በኮምፒውተር ተሞክሯል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ገንዘብ አያስከፍልም።

እንግዲህ ደብተርና እርሳስ አምጡ። የሣጥኑን ጀርባ ወይም ሆዱን ተመልከቱ። የተለጠፈ ወረቀት አለ፤ የሞዴሉ ስምና ቁጥር የተጻፈው እዚያ ላይ ነው። ላቲን ባታነቡም እንደ ሥዕል አድርጋችሁ ገልብጡት። አንዲት ፊደል ወይም አንድ ቁጥር አትተዉ። የአንዱ ሞዴል ትእዛዝ ለሌላው አይሆንም፤ ቢጫን ሣጥኑን ሊያበላሸው ይችላል። ቀጥሎ የምታዩዋቸውን ጣቢያዎች ቁጥር፣ ፍሪኩዌንሲ የሚሉትን፣ ከስክሪኑ ላይ ጻፉ። አፕዴት ሲደረግ የጣቢያዎቹ ዝርዝር ሊጠፋ ይችላልና።

በእኔ አስተያየት ደኅና የሚሠራን ሪሲቨር አለመነካካት ይሻላል። ስልክ ግን ሌላ ነው። በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር ከመጣ ወዲህ የብዙዎቻችን ገንዘብ ያለው በስልክ ላይ ነው። የስልክ አፕዴት ሌባ ሊገባበት የሚችለውን ቀዳዳ ይደፍናል። ስለዚህ ሲመጣ አታሳልፉት። ባትሪው በደንብ ከሞላ በኋላ፣ ከስልኩ ከራሱ ማስተካከያ ገብታችሁ አድርጉት። በቴሌግራም ወይም በመልእክት «ይህን ተጭነህ አፕዴት አድርግ» ብሎ የላከላችሁን ግን አትንኩ፤ የምታውቁት ሰው ቢልከውም እንኳ።

ሪሲቨራችሁን ወደ ገበያ ስትወስዱ ደብተሩን ያዙ። ባለሙያው ፍላሹን ከመሰካቱ በፊት የጻፋችሁትን የሞዴል ቁጥር ከእሱ ፋይል ስም ጋር አብራችሁ አስተያዩ። ካልተመሳሰለ «ቆይ» በሉት። ከተጫነ በኋላም አስከፍታችሁ፣ ጣቢያዎቹ መምጣታቸውን አይታችሁ ነው ሂሳብ መክፈል።

ለዛሬ በዚህ ይብቃን።