የነፃ ትምህርት ዕድል ከዘጠነኛ ክፍል ይጀምራል
በሮቢት ለማኅበረ ምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የቀረበ ንግግር



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎቻችን ወደ ኮሌጅና ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚገቡበት የነፃ ትምህርት ዕድል ነው። ወላጆች ወደ ጽሕፈት ቤት መጥተው «ለልጄ ስኮላርሽፕ አይገኝለትም ወይ?» ብለው የሚጠይቁት ብዙውን ጊዜ ልጁ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከደረሰ፣ አንዳንዴም ፈተናውን ከወደቀ በኋላ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ዘግይቷል። የነፃ ትምህርት ዕድል የሚያዘው ልጁ ዘጠነኛ ክፍል በገባበት መስከረም ነው። ከማኅበረ ምእመናን የሚሰበሰበውም ገንዘብ በይበልጥ ሊውል የሚገባው በዚያ ላይ ነው። ምክንያቱን በቅደም ተከተል ላስረዳ።

በመጀመሪያ በእጃችን ያለውን ትልቁን ዕድል እንመልከት። በአገራችን ከአርባ በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። ለእኛ ቅርቡ በ2004 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው የወልድያ ዩኒቨርሲቲ ነው። ወደ ደቡብ ስንቀጥል በደሴና በኮምቦልቻ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። በመንግሥት የተመደበ ተማሪ ሲገባ የትምህርት ክፍያ አይጠየቅም፤ መኝታና ምግብ ይሰጠዋል። በ2017 ዓ.ም. የአንድ ተማሪ የቀን የምግብ በጀት ከ22 ብር ወደ 100 ብር ከፍ እንዲል ተደርጓል። ይህን ለ10 ወር ብናሰላው ለምግብ ብቻ 30,000 ብር ያህል ይሆናል። ማስተማሪያው፣ ቤተ መጻሕፍቱ፣ መኝታው ገና አልተቆጠረም። ከሮቢት ገበሬ ልጆች መካከል ለብዙዎቹ ከዚህ የሚበልጥ ስኮላርሽፕ ከየትም አይመጣላቸውም።

ሙሉ በሙሉ ነፃ ነው ማለቴ ግን አይደለም። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የወጪ መጋራት የሚባል ሥርዓት አለ። ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን፣ ከማስተማሪያውም ወጪ ከፊሉን ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ለመክፈል ውል ይፈርማል። ክፍያው ከወር ገቢው ቢያንስ ከመቶ 10 እየተቀነሰ የሚፈጸም ነው። አንዳንድ ወላጆች «ውል» እና «ዕዳ» የሚሉትን ቃላት ሲሰሙ ይደነግጣሉ። ድርቅ ሲመጣ በአራጣ የተበደረ፣ በሬውን ለዕዳ የሸጠ ሰው ዕዳን ቢፈራ አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ ይህ ዕዳ የአባት መሬት ወይም የእናት ላም የሚያዝበት አይደለም። የሚከፍለው ልጁ ነው፤ የሚከፍለውም ደመወዝ ሲያገኝ ነው። የፕሮጀክት ሠራተኞች ይህን ለወላጆች በቤታቸው ቁጭ ብለው ቢያስረዱ፣ በፍርሃት ምክንያት የሚቀር ልጅ አይኖርም።

ሁለተኛው ነገር በሩ ነው። በሩ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነው፤ እጅግም ጠብቧል። ከጥቅምት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ኩረጃን ለመከላከል ሲባል ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢ ይሰጥ ጀመር፤ ለማለፍም ከመቶ 50 ማግኘት ግድ ሆነ። የዚያን ጊዜ ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ ይህም ከመቶ 3.3 መሆኑ ነው። በ2017 ዓ.ም. ከተፈተኑት 585,882 ተማሪዎች ያለፉት 48,929 ሲሆኑ ከመቶ 8.4 ናቸው። ተሻሽሏል፤ ነገር ግን አሁንም ከአሥር ልጆች አንድ እንኳ አይሞላም።

በእነዚህ ቁጥሮች ውስጥ የእኛ ልጆች በምን ሁኔታ እንደተፈተኑ ማሰብ ይገባናል። ቆቦና አካባቢው ከሐምሌ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በጦርነት ውስጥ ነበረ። ትምህርት ቤቶች ተዘረፉ፤ ወንበርና መጻሕፍት ጠፉ። ጦርነቱ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ተመልሶ መጣ። የጥቅምቱ ፈተና ሲጀመርም ይህ ሸለቆ ገና ከጦርነት አልወጣም ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህም በክልላችን በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ቆይተዋል። ስለዚህ «የዘንድሮ ልጆች ሰነፎች ናቸው» የሚለውን አነጋገር ከመካከላችን እናርቅ። ልጁ ያልተማረውን ተፈተነ። የጎደለው ትምህርት ደግሞ በአሥራ ሁለተኛ ክፍል መጨረሻ በሁለት ወር ጥናት አይሞላም። ድስት ጥዶ ማልቀስ የሚባለው ይህ ነው።

ሦስተኛው ነገር ልጆቻችን ወደዚህ በር ሳይደርሱ በመንገድ የሚቀሩበት ምክንያት ነው። ከዞብል ተራራ ግርጌ ወይም ከምዕራቡ ደጋ ጥግ የመጣ ልጅ ሁለተኛ ደረጃ ለመማር ከተማ ወርዶ ቤት ይከራያል። ሦስት አራት ሆነው በአንዲት ክፍል ይኖራሉ። ቅዳሜ ወደ ቤቱ ወጥቶ እሑድ ስንቁን ተሸክሞ ይመለሳል። ስንቁ ሐሙስ ላይ ካለቀ ዓርብ ከትምህርት ይቀራል። ጥቅምትና ኅዳር ማሽላው እሸት ሲይዝ ወፍ ጥበቃ ይጠራዋል። አጨዳው ደግሞ እስከ ታኅሣሥ ይይዘዋል። መስኖ ባለበት አካባቢ የሽንኩርት ቀን ሥራ አለ፤ የዕለት ገንዘብ ስለሚገኝበት መጽሐፉን ያስጥለዋል። በ2013 ዓ.ም. መግቢያ እንደሆነው አንበጣ ማሽላውን ሲበላው ደግሞ ስንቅ የሚባለው ነገር ከነጭራሹ ይቀራል።

የሴቶች ልጆቻችን መንገድ ከዚህ ይከፋል። ውኃ መቅዳት፣ እንጀራ መጋገርና ታናናሾችን መጠበቅ በእነርሱ ላይ ነው። ከተማ ወርደው ብቻቸውን ቤት መከራየታቸው ወላጅን ያሰጋል፤ ሥጋቱም ከንቱ አይደለም። ከዚያም ደላላው ይመጣል። ዐረብ አገር ሄዳ በአንድ ዓመት ለአባቷ የቆርቆሮ ቤት እንደምትሠራ ይነግራታል። በጅቡቲና በየመን በኩል የሚያልፈው መንገድ ስንት የራያና የወሎ ልጅ እንዳስቀረ በዚህ አዳራሽ የማያውቅ የለም። በዘጠነኛና በአሥረኛ ክፍል የምትገኝ ልጅ በትምህርቷ ተስፋ ካላየች የደላላውን ተስፋ ትወስዳለች። ለኪራይና ለስንቅ የሚሰጥ ጥቂት ገንዘብ ከዚህ ጉዞ ሊያስቀራት ይችላል።

አራተኛ፣ ካለፉም በኋላ የምትቀር አንዲት ትንሽ ጉድጓድ አለች። ዩኒቨርሲቲው አዲስ ገቢዎችን ሲጠራ በማስታወቂያው የሚጠይቀው የታወቀ ነው፦ ከዘጠነኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያለውን የትምህርት ማስረጃ ዋናውንና ኮፒውን፣ የፈተና ውጤት፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ የትራስ ልብስ። በዚህ ላይ የአውቶቡስ ዋጋ ይጨመራል። የተመደበው ወልድያ ከሆነ መልካም ነው። ጅማ፣ ዲላ ወይም አርባ ምንጭ ከሆነ ግን አዲስ አበባ አድሮ ማለፍ አለ። መንግሥት የብዙ ሺህ ብር ትምህርት ያዘጋጀለት ልጅ ለብርድ ልብስና ለመሳፈሪያ ሲል ቢዘገይ ወይም ቢቀር፣ ነውሩ የልጁ አይደለም፤ የእኛ የጎረቤቶቹ ነው።

አሁን ከአገር ውጭ ስላሉት ዕድሎች ጥቂት ልበል። የቱርክ መንግሥት በየዓመቱ ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች የሚሰጠው የነፃ ትምህርት ዕድል አለ። የትምህርት ክፍያን፣ መኝታን፣ የወር የኪስ ገንዘብን፣ የአውሮፕላን ትኬትንና የአንድ ዓመት የቋንቋ ትምህርትን ያጠቃልላል። ማመልከቻው በቅርብ ዓመታት ሲከፈት የቆየው ከጥር መግቢያ እስከ የካቲት አጋማሽ ነው፤ ለማመልከትም ገንዘብ አይከፈልም። የቻይና መንግሥትም ለውጭ አገር ተማሪዎች ዕድል ይሰጣል። በአገር ውስጥ ደግሞ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ጋር በመተባበር ለአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች ቅድሚያ የሚሰጥ የነፃ ትምህርት ፕሮግራም አካሂዷል። ዐይነ ስውር ወይም በጦርነቱ አካሉ የጎደለ ልጅ ያላችሁ ወላጆች፣ ልጁን ከቤት አታስቀሩት። እንዲህ ያለ ማስታወቂያ በየጊዜው እንዲታይለት ጠይቁ።

ስለ እነዚህ ዕድሎች ሁለት ነገር አጥብቄ አሳስባለሁ። አንደኛው፣ ከአገር ውጭ ለመማር የሚወዳደር ልጅ ከብዙ አገር ልጆች ጋር ነው የሚወዳደረው። የሚለካውም በአራት ዓመት የክፍል ውጤቱና በእንግሊዝኛ ችሎታው ነው። ስለዚህ እርሱም ከዘጠነኛ ክፍል ይጀምራል። ሁለተኛው፣ «ስኮላርሽፕ አስገኝላችኋለሁ» ብሎ አስቀድሞ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ደላላ ነው። እውነተኛ ሰጪ ከተቸገረ ልጅ ላይ አይቀበልም። በሬ ከመሸጣችሁ በፊት ማስታወቂያውን ለርእሰ መምህሩ ወይም ለፕሮጀክቱ ጽሕፈት ቤት አሳዩ።

በፈተናው ከመቶ 50 ላልሞላላቸውም መንገዱ አልተዘጋም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የአቅም ማሻሻያ ወይም ሪሜዲያል የሚባል ትምህርት ተከፍቷል። ትምህርት ሚኒስቴር በወሰነው ነጥብ ውስጥ የገባ ተማሪ ጥቂት ወራት ተምሮና ተፈትኖ ሲያልፍ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ይሆናል። ነጥቡ በየዓመቱ ስለሚለያይ የዓመቱን ማስታወቂያ መጠበቅ ያሻል። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅም አለ። የመስኖ ፓምፕ የሚጠግን፣ ኤሌክትሪክ የሚዘረጋ፣ ከብት የሚያክም ወጣት ለቆቦና ለጊራና ሸለቆ እንደ ባለዲግሪው ሁሉ ያስፈልጋል። ይህን መንገድ የወደቁ ልጆች መጣያ አድርገን አንናገርበት።

እንግዲህ ምን እናድርግ? አራት ነገር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ለእያንዳንዱ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ አንድ ማኅደር ይከፈትለት። የልደት የምስክር ወረቀቱ፣ መታወቂያው፣ የየዓመቱ ውጤቱ ኮፒ በዚያ ይቀመጥ። በጦርነቱ መዝገብ የጠፋበት ልጅ ካለ ከአሁኑ እንዲወጣለት ይደረግ። ማስታወቂያ ወጥቶ አሥር ቀን ሲቀረው የስም ስሕተት ማረም ከባድ ነው።

ሁለተኛ፣ የኪራይና የስንቅ ድጋፍ ከዘጠነኛ ክፍል ይጀምር፤ ለሴቶች ልጆች ቅድሚያ ይሰጥ። ከተማ ቤት ያላችሁ ምእመናን አንዲት ክፍል ብታበድሩ ከገንዘብ ይበልጣል።

ሦስተኛ፣ የማታና የቅዳሜ ጥናት ይደራጅ። ዩኒቨርሲቲ ያሉ የአካባቢው ልጆች ክረምት ሲመጡ ሒሳብና እንግሊዝኛ እንዲያስተምሩ ይጠየቁ። መብራትና ጠረጴዛ ያለበት አንድ ክፍል ከተገኘ ሥራው ይጀመራል።

አራተኛ፣ ለተመደቡት ሁሉ የመሳፈሪያና የብርድ ልብስ ሣጥን ይቋቋም። ከአዝመራ በኋላ በጥር ወር ይሰብሰብ፤ ጥሪው ሲመጣ ተዘጋጅቶ ይጠብቅ።

ይህን ስል አንድ ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። «እኛ ገንዘባችንን ስንሰጥ አንድ ልጅ በግል ኮሌጅ ከፍለን አስተምረን፣ ጋዋን ለብሶ ፎቶግራፉን ማየት እንፈልጋለን» የሚሉ ደጋፊዎች አሉ። ምኞታቸው መልካም ነው፤ አልነቅፈውም። ነገር ግን አንድ ልጅ ለአራት ዓመት በግል ኮሌጅ የሚያስተምረው ገንዘብ ብዙ የዘጠነኛ ክፍል ልጆችን በትምህርት ገበታ ላይ ያቆያል። ከእነርሱ መካከል የሚያልፉትን መንግሥት ይረከባቸዋል። ያላለፉትም ቢሆኑ ማንበብና ማስላት የሚችሉ፣ በደላላ የማይታለሉ አባቶችና እናቶች ይሆናሉ። የዚህ ሥራ ፎቶግራፍ አያምርም፤ በአንዲት ጠባብ ክፍል ሦስት ልጆች በአንድ መብራት ሲያጠኑ ነው የሚታየው። ደጋፊዎቻችን ይህን ሥዕል ተቀብለው እንዲሰጡ እለምናቸዋለሁ።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው እንደሚባለው፣ ይህን ሸክም አንድ አባት ብቻውን ሊሸከመው አይችልም። ማኅበሩ ከተካፈለው ግን ይቀላል። መስከረም ሲጠባ ዘጠነኛ ክፍል የሚገቡት ልጆቻችን ስማቸው በእጃችን ይሁን፤ የትኛው ቤት እንደሌለው፣ የትኛዋ ስንቅ እንደሚያጥራት እንወቅ። ሥራው ከዚህ ይጀመር።

እግዚአብሔር ያበርታችሁ።