የሒሳብ ማስተዋል ጥያቄና የጁባ ወደብ
(ለመምህራን ጉባኤ የተደረገ ንግግር)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ፥ ተማሪ ወደ አንድ የትምህርት ደረጃ ከመመደቡ አስቀድሞ የሚቀርብለት የሒሳብ ማስተዋል ጥያቄ እንዴት ይሠራል የሚል ነው። ርእሱ ለአንዳንዶቻችሁ ደረቅ መስሎ ቢታይ አልቀየምም፤ እኔም ራሴ ብዙ ዘመን እንደዚያው ይመስለኝ ነበር።

እንደምታውቁት በአገራችን የ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና ውስጥ ስኮላስቲክ አፕቲትዩድ የተባለው ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስም ሆነ የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ በአንድነት የሚፈተነው ነው። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ተማሪዎች በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ገብተው ከተፈተኑ በኋላ፥ በጥር ወር በተነገረው ውጤት ግማሽና ከግማሽ በላይ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ስንሰማ ሁላችንም ደንግጠናል። ይህ ሁሉ ውድቀት ከአንድ ምንጭ ብቻ የፈለቀ ነው አልልም። ነገር ግን እኔ በገዛ እጄ ያበላሸሁትን አንድ ነገር ስለማውቅ፥ ስለ እርሱ ልናገር።

ለሁለት ዓመት ያህል በደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ በጁባ፥ በንግድ ሥራ የተሰማሩ ወገኖቻችንን ልጆች በማስጠናት ሥራ ላይ ነበርሁ። እነዚህ ልጆች ከአገር ቤት ሲመጡ በሚገቡበት ትምህርት ቤት ሁሉ አስቀድሞ የመመደቢያ ፈተና ይጠብቃቸዋል፤ ፈተናውም በእንግሊዝኛ ነው። ጊዜው አጭር፥ ጥያቄው ብዙ በመሆኑ እኔ አንድ ወረቀት አዘጋጅቼ ነበር። በወረቀቱ ላይ ሠላሳ ያህል የአቋራጭ ቀመር ጽፌ «ይህን በቃላችሁ ያዙ» ብዬ አከፋፈልሁ። ወላጆችም በጣም አመሰገኑኝ፤ ወረቀቱም ከእጅ ወደ እጅ እየተገለበጠ ዞረ።

ከተማሪዎቼ አንዲቱ፥ የ13 ዓመት ልጅ፥ ፈተናውን ተቀምጣ ከሚገባት ክፍል አንድ ደረጃ ዝቅ ብላ ተመደበች። አንድ ዓመት ለልጅ ቀላል ነገር አይደለም። የሠራችውን ስትነግረኝ፥ ከተሳሳተቻቸው ጥያቄዎች አንዱ ስለ ጀልባ የሚጠይቅ ሆኖ ተገኘ፦ ጀልባዪቱ ወንዙን ተከትላ ስትወርድ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር፥ ወንዙን ተቃውማ ስትመለስ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች፤ የደርሶ መልሱ አማካይ ፍጥነት ስንት ነው? ልጅቱ 15 ብላለች። «ጋሼ፥ ሁለቱን ደምሬ ለሁለት አካፈልሁ፤ በወረቀቱ ላይ አማካይ ማለት ደምሮ ለብዛቱ ማካፈል ነው ብለው ጽፈውልን የለም?» አለችኝ። በእውነትም እንደዚያ ጽፌ ነበር። ወረቀቱን አውጥቼ ሳየው ቀመሩ ከላይ በሁለተኛው መሥመር ላይ ተቀምጧል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጆቹን ይዤ ወደ ወደቡ ወረድሁ። የጁባን ወደብ ያላያችሁ እንደ ሆነ፥ እንደ ምጽዋ ወይም እንደ ጂቡቲ ያለ ነገር አድርጋችሁ አትገምቱት። ነጭ ዓባይ በዚያ አገር ባሕር ኤል ጀበል ይባላል፤ በዳርቻው ላይ ከሰሜን ከመላካልና ከሬንክ ወገን የሚመጡ ጠፍጣፋ የጭነት ጀልባዎች ይቆማሉ፤ ተሸካሚዎች ጆንያና ጀሪካን ያወርዳሉ። ከጁባ ወደ ደቡብ ሲዘለቅ ውሃው በቤደንና በፉላ አለት ላይ እየተናነቀ ስለሚወርድ ትልቅ ጀልባ አያልፍም፤ ስለዚህ ከሞምባሳ የሚመጣው ዕቃ በኒሙሌ በኩል በመኪና ይገባል እንጂ በውሃ አይመጣም።

እዚያ ዳር ላይ ቆመን መንገዱ 120 ኪሎ ሜትር ነው እንበል አልኋቸው። መውረጃው 6 ሰዓት፥ መመለሻው 12 ሰዓት ይፈጃል። በጠቅላላው 240 ኪሎ ሜትር በ18 ሰዓት ተሄደ ማለት ነው፤ ይህም በሰዓት ከ13 ኪሎ ሜትር ጥቂት ብቻ ይበልጣል። ልጆቹ ስሌቱን ተቀበሉ፤ ልባቸው ግን አልተቀበለውም። «ወንዙ ሲወርዱ የሰጠውን ሲወጡ ወሰደ፤ ታዲያ ለምን እኩል አይሆንም?» ብለው ተከራከሩኝ። ይህ ጥያቄ ከመልሱ ይበልጥ ዋጋ ያለው ነው። መልሱም እንዲህ ነው፦ ጀልባዪቱ በቆመ ውሃ ላይ በሰዓት 15፥ ወንዙም በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ወንዙ የረዳት 6 ሰዓት ብቻ ስለሆነ 30 ኪሎ ሜትር ሰጣት፤ የተቃወማት ግን 12 ሰዓት ስለሆነ 60 ኪሎ ሜትር ወሰደባት። ወንዝ ሁልጊዜ የሚወስደው ከሚሰጠው ይበልጣል፤ ምክንያቱም ሲቃወም ብዙ ሰዓት ያገኛል። በ18 ሰዓት 270 ኪሎ ሜትር መሄድ ይገባት የነበረችው ጀልባ 30 ጐደለባትና 240 ሄደች። ይህን የተረዳ ልጅ ቀመሩን ቢረሳውም አይጠፋም።

ፈተና አዘጋጅ 15ን ከምርጫዎቹ መካከል ያስቀመጠው በከንቱ እንዳይመስላችሁ። ሰው በየት በኩል እንደሚሳሳት አስቀድሞ አውቆ ያስቀመጠው ነው።

በዚያው ዕለት እምቦጭ በወንዙ ላይ ቁልል ቁልል እያለ ይወርድ ነበር። እኛ በጣና ላይ የምናማርረው ይህ አረም ነጭ ዓባይን የያዘው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ነው። እርሱን እያየሁ ሌላ ጥያቄ ሰጠኋቸው፦ አንድ ጀልባ ወንዙን ተቃውሞ ሲሄድ አንድ ባዶ ጀሪካን ከውሃው ላይ ይወድቅበታል። ባለጀልባው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ዐውቆ ወዲያው ይመለሳል፤ ሞተሩም ኀይሉን አልለወጠም። ጀሪካኑን እስኪያገኝ ስንት ጊዜ ይፈጅበታል? አንዱ «የወንዙ ፍጥነት አልተነገረንምና አይሠራም» አለ። ሌላው ኤክስና ዋይ መጻፍ ጀመረ። ያቺ ዝቅ ብላ የተመደበችው ልጅ ግን ውሃውን ጥቂት ስታይ ቆይታ፥ «እኔ በእምቦጩ ላይ ብቀመጥ ጀሪካኑ ከእኔ ጋር ይሄዳል፤ ለእኔ የቆመ ነው። ጀልባው ግማሽ ሰዓት ከእኔ ራቀ፤ ግማሽ ሰዓት ወደ እኔ ይመጣል» አለች። ነገሩ በዚህ አለቀ። በቀመር የሠራው ልጅ እዚያው መልስ ላይ ሲደርስ ወረቀቱ ሞልቶ ነበር። በ15ና በ5 ፈትናችሁ ተመልከቱት፦ በግማሽ ሰዓት ጀልባው 5 ኪሎ ሜትር ሲወጣ ጀሪካኑ 2.5 ይወርዳል፤ በመካከላቸው ያለው 7.5 ኪሎ ሜትር ነው፤ ጀልባው በ20 ሲከተል ጀሪካኑ በ5 ስለሚሸሽ፥ በሰዓት 15 እየተቀራረቡ በግማሽ ሰዓት ይገናኛሉ።

ስለ ሥራ የሚጠይቁትን ጥያቄዎች በአጭሩ ልለፋቸው። አንዱ ቡድን ጭነቱን በ6 ሰዓት፥ ሌላው በ3 ሰዓት ካወረደ፥ አብረው በስንት ሰዓት ያወርዱታል? ብዙ ልጆች አራት ሰዓት ተኩል ይላሉ። ከማስላታቸው በፊት «ፈጣኑ ቡድን ብቻውን በሦስት ሰዓት የጨረሰውን፥ ረዳት ሲያገኝ እንዴት ይዘገያል?» ብሎ የሚጠይቃቸው ሰው ቢኖር ኖሮ ይህን መልስ አይጽፉም ነበር። በአንድ ሰዓት አንዱ ከስድስት አንድ እጅ፥ ሌላው ከስድስት ሁለት እጅ ያወርዳል፤ ስለዚህ በሁለት ሰዓት ያልቃል። ዋጋ 20 በመቶ ጨምሮ 20 በመቶ ሲቀነስለት ወደ ነበረበት እንደማይመለስ ግን ለነጋዴ ልጆች ማስረዳት አላስፈለገኝም፤ ከመቶው አራት እንደሚጐድል ከአባቶቻቸው ሱቅ ተምረው መጥተዋል።

ስለ ሰዓት ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህ የእኛን ልጆች ለይቶ የሚነካ ነውና። ልጆቻችን «ዐሥር ሰዓት» ሲባሉ በአእምሯቸው የሚያዩት የሰዓቱ እጅ በ4 ላይ ቆሞ ነው፤ ፈታኙ ግን 10 ሰዓት ሲል እጁ በ10 ላይ ነው። በሁለቱ እጆች መካከል ያለው ማዕዘን በመጀመሪያው 120፥ በሁለተኛው 60 ዲግሪ ይሆናል። ሁለቱ ሲደመሩ 180 ይመጣሉ፤ በማናቸውም ሙሉ ሰዓት ላይ እንዲሁ ነው። በጁባ ደግሞ ሌላ ችግር አለ፤ ደቡብ ሱዳን እ.ኤ.አ. ከየካቲት 1 ቀን 2021 ጀምሮ ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ስለመለሰች፥ በጁባ ከሰዓት በኋላ ሦስት ሰዓት ሲሆን በአዲስ አበባ አራት፥ በእኛ አቆጣጠር ዐሥር ነው። ይህን በየቀኑ ከአያቷ ጋር በስልክ ለመነጋገር የምታሰላ ልጅ የሰዓት ጥያቄ አትችልም ብዬ አላምንም፤ ያልቻለችው የእኛ የጥያቄ አቀራረብ ነው።

አንዳንድ ጓደኞቼ እንዲህ ያለው ጥያቄ ከውጭ የመጣ፥ ለእኛ ልጆች እንግዳ የሆነ ነገር ነው ይላሉ። የባሕረ ሐሳብን ትምህርት ያየ ሰው ግን ይህን ለማለት ይቸገራል። የ2018 ዓ.ም. መስከረም 1 ቀን በምን ዕለት ይውላል? 5500 ሲደመርበት ዓመተ ዓለሙ 7518 ይሆናል። ለአራት ተካፍሎ የሚገኘው መጠነ ራብዒት 1879 ነው። ሁለቱ ተደምረው 9397፤ ለሰባት ሲካፈል ቀሪው 3 ይሆናል። አንድ ማክሰኞ፥ ሁለት ረቡዕ ስለሆነ፥ ሦስት ሐሙስ ነው፤ በእርግጥም ሐሙስ ዋለ። የአብነት ተማሪ ይህን በቃሉ ይሠራዋል። እኔ ግን በጁባ ያሉትን ልጆች «ለምን ለሰባት? ለምንስ መጠነ ራብዒት ተጨመረ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። 365 ቀን 52 ሳምንትና አንድ ቀን ስለሆነ ዕለቱ በየዓመቱ አንድ ደረጃ እንደሚገፋ፥ በአራት ዓመት አንድ ጊዜም ጳጉሜን ስድስት ስትሆን ሁለት ደረጃ እንደሚዘል ራሳቸው ደረሱበት። ግማሽ ቀን ፈጀባቸው። ወረቀቴን ለማስጠናት ቢሆን ኖሮ ዐሥር ደቂቃ ይበቃ ነበር፤ ይህን የሒሳብ ልዩነት አልክድም፤ ፈተናው በሳምንቱ ቢሆን ምን ላደርግ እንደምችል እስከ ዛሬ አላውቅም።

ክቡራን ባለሥልጣኖች፥ ከእናንተ የምለምነው አንድ ነገር ነው። የመመደቢያ ፈተና ሲታረም የሚላክልን ድምሩ ብቻ ነው፤ 40 ወይም 55 ተብሎ። ተማሪዎቹ ከስሕተት ምርጫዎች የትኛውን እንደ መረጡ አይነገረንም። ከአንድ ክፍል ሠላሳ ልጆች 15ን መርጠው ከሆነ፥ የተሳሳተው ሠላሳ ልጅ ሳይሆን አንድ መምህር ነው፤ ያም መምህር ቢነገረው በማግሥቱ ያርመው ነበር። እኔ ስሕተቴን ያወቅሁት ልጅቱ ሳታፍር ስለ ነገረችኝ ነው። ዝቅ ተብሎ መመደብን የመሰለ ፍርድ ሲሰጥ፥ ፍርዱ በምን ላይ እንደ ተመሠረተ ለመምህሩ ማሳየት ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይመስለኝም።

ልጅቱ ያን ዓመት በተመደበችበት ክፍል ተምራ ጨረሰች። ከጁባ ልመለስ ስል ከጓደኞቿ ጋር እንደገና ወደ ወደቡ ወረድን፤ ስለ ጋምቤላም አወራኋቸው። በ1894 ዓ.ም. በተደረገው ውል እንግሊዞች በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ እንደ ተፈቀደላቸው፥ ባሮ በክረምት ሲሞላ የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም ድረስ እየመጡ ጨው አራግፈው ቡና ይጭኑ እንደ ነበር፥ ባሮም ሶባት ሆኖ ከመላካል አጠገብ ከነጭ ዓባይ እንደሚገናኝ ነገርኋቸው። በዚህ ጊዜ ልጅቱ፥ «ጋሼ፥ አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅዎ» አለች። «በጋምቤላ ወንዝ ላይ አንድ ጠርሙስ ብንጥል፥ ውሃው በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፥ በስንት ቀን ጁባ ይደርሳል?»

እስክሪብቶዬን አውጥቼ ርቀቱን መገመት ጀምሬ ነበር። ልጆቹ ሁሉ ሲስቁ ነው ጁባ ከሶባት መገናኛ በላይ መሆኗ፥ ጠርሙሱም ጁባን ሳያይ ወደ ካርቱም እንደሚወርድ ትዝ ያለኝ።